ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሮክ መቅዳት ይቻላል? (ከጅማ)

ቤዝ ከጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለነው፣ አራት ነን። እኔ ቤዝ እጫወታለሁ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ድራም፣ አንዷ ጓደኛችን ደግሞ ትዘፍናለች። አብረን መጫወት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። የባንዱን ስም አትጠይቁኝ፣ እስካሁን አልተስማማንም። ባለፈው ሳምንት ራሱ በሱ ተኮራርፈን ነው የተለያየነው።

አምስት የራሳችን ዘፈኖች አሉን። አሁን መቅዳት እንፈልጋለን። ጥያቄዬ ሁለት ነው።

አንደኛው የት እንቅዳ የሚለው ነው። የምንለማመደው ፈረንጅ አራዳ፣ የድራመራችን አጎት ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነው። አጎትየው ቡና ነጋዴ ስለሆነ ክፍሏ ድሮ ቡና ማስቀመጫ ነበረች፣ አሁንም ግድግዳውን ስትጠጉት ቡና ቡና ይላል። አራት በአራት ሜትር ናት። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ጅማ የኖረ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። እዚህ ዝናብ ክረምት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ሲወርድ ደግሞ ድራመራችን የራሱን ስኔር አይሰማም።

ሌላም የማይገባኝ ነገር አለ። ቤዜ ላይ ከወፍራሙ ክር የመጀመሪያውን ፍሬት፣ ፋን ማለት ነው፣ ስመታ ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጥግ ላይ ያለው ረከቦት ላይ ስኒዎቹ ይንጫጫሉ። ሚ ላይ ትንሽ አለ፣ ሶል ላይ ምንም የለም። ቤዙን ለሚያውቅ ሰው አሳየሁት፣ ጤነኛ ነው አለኝ።

ያለን ዕቃ፦ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ማይክ (አንድ ኤስኤም 57፣ አንድ ኤስኤም 58)፣ ሪፐር የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ። ጊታሪስታችን አዲስ አበባ ሄደን በሰዓት ስቱዲዮ እንከራይ ባይ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከነዕቃው፣ ማደሪያም አለ። ብሩ እዛ ስንደርስ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃን እንጃ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ድምፃችን ነው። ከጅማ ነን ስንል ሰው ሁሉ «አሃ፣ የሙላቱ አገር» ይላል። ጃዝ አይደለም፣ ሮክ ነው ስንል «እንደ ጃኖ?» ይላል። እንደ ጃኖም አይደለንም። ጊታሪስቱ ከአሜሪካኖቹ ኒርቫናና ከማሊዎቹ ቲናሪዌን ሌላ የሚያዳምጥ አይመስለኝም። ዘፋኛችን አሊ ቢራን እየሰማች ያደገች ናት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ትዘፍናለች። ድራመሩ ሠርግ ሲመታ ነው የኖረው። እኔ ደግሞ ቤዝ ያስያዘኝ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ነው። አራታችን ስንገናኝ የሚወጣው ነገር አንዳንዴ በጣም ደስ ይላል፣ አንዳንዴ ግን ጊታሪስቱ ዲስቶርሽኑን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል፣ ሲከፍተው ቅኝቱ እልም ይላል። ቅኝቱን እንጠብቅ ስንል ደግሞ የሠርግ ዘፈን ላይ ዲስቶርሽን የተደፋበት ይመስላል። እናንተ ይሄን እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሳሪስ ጊታር፦

እንኳን ደህና መጣሽ። በመጀመሪያ ለጊታሪስታችሁ አንድ ነገር ንገሪው፣ እኛ ያንን መንገድ ሄደንበታል።

ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ገባን። ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ስንገባ እያንዳንዳችንን ለየብቻ አስቀመጡን። መጀመሪያ ድራሙ ብቻውን በክሊክ፣ ከዛ ቤዙ፣ ከዛ እኔ። ድራመራችን ብቻውን ተጫውቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ የኔን እጅ እያየ ነው የሚመታው። ጆሮው ላይ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ተደርጎበት ችክችካ ምታ ሲሉት ላብ አጠመቀው። ክሊኩን በአራት ነበር ያስገቡለት፣ ዘፈኑ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። እሱን እስክናስተካክል ሁለት ሰዓት ሄደ፣ ቆጣሪው ደግሞ ይሠራል። በኋላ የስኔሩን ድምፅ ከኮምፒውተር በወጣ ሌላ ስኔር ቀየሩት። ሲያልቅ ሰማነው። ንጹህ ነው። እኛ ግን የለንበትም።

ስቱዲዮ አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ኒርቫና የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያትል ውስጥ በስምንት ትራክ ነው የቀዱት፣ የተጠየቁትም የ30 ሰዓት ሂሳብ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ርካሽ የሆነላቸው ዘፈኖቹን መድረክ ላይ ሲያደቋቸው ቆይተው ስለገቡ ነው። እናንተም አምስቱንም ዘፈን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መጫወት ከቻላችሁ ስቱዲዮ አንድ ቀን ይበቃችኋል። ካልቻላችሁ የምትከፍሉት ለልምምድ ነው፣ ልምምድ ደግሞ ፈረንጅ አራዳ በነጻ አላችሁ።

አሁን ወደ ቅኝቱ። ይሄ የኔ በሽታ ስለሆነ ትንሽ ላርዝም። ዲስቶርሽን በርቶ ሙሉ ኮርድ ሲመታ ኖታዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ያልተመታ ድምፅ ሁሉ ይወልዳሉ። ቅኝቱ የሚጠፋባችሁ እዛ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዶ፣ ሚ፣ ሶል መሐለኛዋን ሚን ተዉና በዶና በሶል፣ ማለትም በፓወር ኮርድ ሂዱ። ግን ከየትኛው ኖታ ላይ ይነሳ? ለዚህ ቅኝቱን መጠየቅ ነው። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሪው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አምስተኛቸው (ለዶ ሶል እንደሆነችው ማለት ነው) እዛው ቅኝቱ ውስጥ የሚገኝላቸው ዶ፣ ሬ ፍላትና ፋ ብቻ ናቸው። እነሱን ሦስቱን በዲስቶርሽን ምቺና ስሚው። ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያቺ ግማሽ እርምጃ የሄቪ ሜታል እንጀራ ናት! ፈረንጅ በብዙ ድካም የሚያመጣትን አምባሰል በእጁ ይዞ ነው የተቀመጠው።

አንቺሆዬ ደግሞ የባሰ ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ቤቱ የሆነው ዶ ራሱ አምስተኛ የለውም፣ ሶል ከቅኝቱ ውጪ ናት። ፋና ሶል ፍላት ላይ ብቻ ነው ፓወር ኮርድ የሚወጣው። ስለዚህ አንቺሆዬ ላይ ጊታሩ ኮርድ ይቀንስና ዜማውን ከዘፋኟ ጋር አንድ ላይ ይምታ። እኔ ይሄን እስካውቅ አራት ዓመት «ለምን አንቺሆዬ አይመጣልኝም» እያልኩ ፔዳል ስቀያይር ነበር።

ጎዳና 04፦

ምን ያደክማችኋል። ድራሙን ፕሮግራም አድርጉት፣ ቤዙን በኪቦርድ፣ ላፕቶፕ አላችሁ አይደል? ማንም አይለየውም።

ሳሪስ ጊታር፦

@ጎዳና 04 ባንድ ናቸው እኮ፣ አራት ሰው። ድራመሩን የት ያድርጉት፣ ቡና ያፍላ?

ደግሞ ድራም ማሽን ስድብ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ላይ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን በድራም ማሽን የሠራው ካሴት ዛሬም ዓለም ያዳምጠዋል። ግን እሱ ብቻውን ስለሆነ ብቻውን ሠራው። እነዚህ ብቻቸውን አይደሉም።

ሞገድ፦

የፋ ነገር አስቆኝ ነው የገባሁት። እህቴ፣ ቤዝሽ ጤነኛ ነው፣ በሽተኛው ክፍሉ ነው።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይሄዳል። አራት ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን የሚያጎላው የመጀመሪያው ድምፅ የሞገዱ ርዝመት የክፍሉ እጥፍ፣ ስምንት ሜትር የሆነው ነው። 343ን ለ8 አካፍዪው፣ ወደ 43 ኸርዝ ይመጣል። የቤዝሽ ፋ ስንት ነው? 43 ከምናምን። ሚ 41 ስለሆነች ለሱ ቅርብ ናት፣ ትንሽ የምትሰሚው ለዛ ነው። ሶል 49 ነው፣ ርቋል። እንዲያውም አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ፋ ሞክሪው፣ እሱም ሳይጮህ አይቀርም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው የክፍሉ ድምፅ 86 ገደማ ነው። የከፋው ነገር ክፍላችሁ አራት በአራት መሆኑ ነው። ርዝመቱና ወርዱ ቢለያይ ችግሩ ለሁለት ኖታ ይከፋፈል ነበር፣ አሁን ሁለቱም ፋ ላይ ተባብረውባታል።

ምን ይደረግ? የቤዙን አምፕ ጥግ ላይ ካደረግሽው አንሺው። ጥግ ሁሉንም የክፍሉን ድምፅ ይቀሰቅሳል። ወደ ክፍሉ መሐል ጎትቺው፣ ድምፁን ቀንሺው፣ እየተንቀሳቀስሽ በጆሮሽ ፈልጊው። ወይም ቤዙን በቀጥታ ካርዱ ውስጥ ሰክተሽ ቅጂው፣ ያኔ ክፍሉ አያገባውም።

የእንቁላል ካርቶን እንዳትለጥፉ! ይሄን ስንቴ እንደምለው። ክፍሉን ከማሳመር፣ እሱንም ካሳመረ፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ባዶ ጆንያ መስቀልም ያው ነው። ድምፅ የሚበላው ውፍረት ነው። ግን እናንተ እኮ ቡና ነጋዴ ቤት ነው ያላችሁት! የቡና ገለፈት አጎትየው ጋ አይጠፋም። ጆንያ ውስጥ ሙሉትና አራቱም ጥግ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩት፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት። 43ቱን አያጠፋላችሁም፣ ያንን ለማጥፋት ክፍሉን በጆንያ መሙላት ነው፣ ነገር ግን የሲምባሉን መጮህና ከግድግዳ የሚመለሰውን ይለዝበዋል። ደረቅ መሆኑን እዩ፣ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። አይጥም ይወደዋል፣ ቀድታችሁ ስትጨርሱ አውጡት። ጭቃ ግድግዳችሁን ደግሞ አትናቁት፣ ከብሎኬት ይሻላል።

ሁለት ትንንሽ ነገር። የጊታር አምፑ እምምም የሚል ድምፅ ካለው ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ከቻርጀሩ ነው የሚመጣው። የድምፁን መጠን ደግሞ ቀይ እስኪነካ አትጫኑት፣ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይዋል። ዘፋኟን በኋላ ለብቻዋ በሌሊት ቅዷት። ቀ እና ጠ ላይ መለኪያው ዘሎ ይወጣል፣ ከማይኩ ትንሽ ጎን ዞር ብላ ትዝፈን።

የድሮ ኪቦርድ፦

ልጄ፣ እኔም ጅማ ነኝ። በኪነት ጊዜ ኪቦርድ እጫወት ነበር፣ አሁን ዕድሜዬን ልነግርሽ አልፈልግም። ልጄ ነው ይሄን ገጽ የከፈተልኝ፣ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ሁለት ማይክ አለን ብለሽ ስትጨነቂ ገረመኝ። እኛ አንድ ነበረን። አንድ ማይክ፣ አንድ የካሴት ቴፕ። ሚክሲንግ የሚባል ነገር በእግር ነበር የምንሠራው። ድምፅህ ከበዛ አለቃችን ይመጣና ትከሻህን ይዞ ወደ ኋላ ይገፋሃል። ካነሰ ይጎትትሃል። ሳክስፎኑ ሶሎው ሲደርስ ሁለት እርምጃ ወደ ማይኩ ይራመዳል፣ ሲጨርስ በጀርባው ይመለሳል። መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርግ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን የተለያየ። አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁላችንም እንደገና። ስለዚህ ማንም አይሳሳትም ነበር፣ ቢሳሳትም ዓይኑን አይቶ የሚሸፍንለት አለ።

እናንተም ለምን እንደዛ አትሞክሩም? ሁለቱን ማይክ አቁሙና ራሳችሁን አዘዋውሩ። ሙሉ ጠዋት ለቦታ ብቻ ስጡት። ከዛ መቅዳቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ዝናቡ እንደሆን እዚህ አገር ክረምት ላይ አብዛኛውን ከሰዓት ነው የሚመጣው፣ በጠዋት ተነሱ።

ስለ ሙላቱ ያልሽው። ሰው «የሙላቱ አገር» ሲልሽ አትከፊ፣ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ነው የተወለደው። ነገር ግን ልጁ ምህንድስና ሊማር ተብሎ ዌልስ ሄደ፣ ለንደን ሙዚቃ ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ ገባ፣ ኒውዮርክ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ። ቅኝታችንን ይዞ በሰው መሣሪያ ነው ያሰበው። ቪብራፎን የጅማ መሣሪያ ነው እንዴ? ስለዚህ የናንተ ልጅ ኒርቫና ማዳመጡ ከሙላቱ አያርቃችሁም።

ጊታሩ ሲጮህ ቅኝቱ ጠፋ ያላችሁትንም አየሁት። ከላይ ወንድማችን ስለ ኮርዱ የጻፈው ልክ ነው፣ እኔ ሌላ ልጨምር። ጌታቸው መኩሪያ ነፍሱን ይማረውና ሽለላን በሳክስፎን ነበር የሚነፋው። ያ ሻካራ ድምፅ፣ ያ መንቀጥቀጥ፣ ከተረገጠ ፔዳል በምን ያንሳል? በኋላ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፐንኮች ጋር ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም አውጥተዋል፣ ፈልጋችሁ ስሙት። እነሱ ጊታራቸውን ለሱ ብለው አልቀነሱም፣ እሱም ለነሱ ብሎ ሽለላውን አላለሰለሰም። በገናስ? ክሩ ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ የሚያስገቡት ድምፁ ንዝዝ እንዲል አይደል? ማን ነው ዲስቶርሽን የፈረንጅ ነው ያለው።

ቤዝ ከጅማ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ስለ በገና ለጊታሪስቱ አነበብኩለት፣ ለአምስት ደቂቃ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይታችሁ አታውቁም።

@ሞገድ ላይኛውን ፋ ሞከርኩት። ጮኸ። ድራመሩ «አስማተኛ ነው» አለ። ቅዳሜ እንሞክራለን፣ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ቤዝ ከጅማ፦

ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ወሰደብን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በገለፈት ብቻ አለቀ። አሥራ ስድስት ጆንያ ሞልተን ተሸክመን አስገባን፣ ጸጉራችን ሁሉ ገለፈት ሆነ፣ ዘፋኛችን ስታስነጥስ ዋለች። አጎትየው በር ላይ ቆሞ «ቡናውን ትቼ ገለፈቱን ልሽጥ እንዴ» እያለ ይስቅብናል። ግን ገብተን ስናጨበጭብ ክፍሉ ሌላ ነው፣ ጭብጨባው እጃችን ላይ ሞተ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀመርን። እንደ ጋሼ በጠመኔ ምልክት አደረግን። ድራሙ ከበሩ ፊት፣ የጊታሩ አምፕ በርጩማ ላይ፣ የኔ አምፕ ከጥግ ወጥቶ መሐል ገደማ። ኤስኤም 57ቱን ድራሙና ጊታሩ መካከል፣ 58ቱን ወደ እኔ። መጀመሪያ ሲምባል ብቻ ነበር የሚሰማው። ድራመሩን «ቀስ ብለህ ምታ» አልነው፣ አኮረፈ። ከዛ ማይኩን ወደ ታች አወረድነው፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም፣ ኪኩ፣ ከፍታ አካባቢ፣ ተስተካከለ። አራት ሰዓት ሲሆን ቦታችንን አገኘን። እስከ ስድስት ሰዓት አራቱን ዘፈን ቀዳን፣ አንዱን በሁለተኛው ሙከራ። በአምባሰል የነበረውን በሦስቱ ፓወር ኮርድ ብቻ ነው የተጫወትነው። @ሳሪስ ጊታር፣ ጊታሪስታችን እጅህን ልሳም ብሏል።

አምስተኛው ግን እምቢ አለ። ያቺ ፋ ያለባት ዘፈን ናት፣ ከፋ ነው የምትነሳው። ለቀረጻ ብለን ረከቦቱን ከነስኒው አውጥተነው ነበር። አንዴ ተጫወትን፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ምንም ስህተት የለውም ግን ሞቷል። ድራመሩ ነው ያወቀው። «ስኒዎቹ የሉም» አለ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ፋ ስመታ የሚንጫጩትን ስኒዎች እንደ ሻከር እየሰማ ነበር የሚመታው፣ እሱ ራሱም አላወቀም። ሁለት ስኒ መልሰን አስገባንና ረከቦቱ ላይ አደረግን። አንድ ጊዜ ተጫወትነው፣ አለቀ። እንደ እንዝራ ነው የሚለው፣ ቤዙ ሥር ንዝዝ።

ድምፁን ዘፋኛችን ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ቀዳችው፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ ጋቢ ተከናንባ። ቀ ላይ ጎን ዞር ማለቱ ሠራ።

አሁን ሚክስ እያደረግን ነው፣ አዲስ ጥል ተነስቷል። ስኒዎቹ በግራ ይሁኑ ወይስ በቀኝ?

ሞገድ፦

መሐል። ከቤዙ ጋር። ከቤዙ የመጡ ናቸው እኮ።

የድሮ ኪቦርድ፦

ስንት ስኒ ነው ያላችሁት?

ቤዝ ከጅማ፦

ሁለት፣ ጋሼ።

የድሮ ኪቦርድ፦

ጅማ ሆናችሁ ሁለት ብላችሁ ተነሳችሁ? በረካውስ?

ሳሪስ ጊታር፦

በረካ! ይኸው የባንዱ ስም።

ቤዝ ከጅማ፦

ለሦስቱ ነገርኳቸው። ሁለቱ ወደዱት። ጊታሪስቱ አልስማማም ብሏል።